የመልካሳው የእንፋሎት ወፍጮ

መርዳሳ ሆራን ያወቅሁት በ1921 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሙሴ አጎፕ የሚባሉ አርመን አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ በከፈቱት የብረት ሥራ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ረጅም አዳራሽ ነበር። ውስጡ ብረት ጠርቅሞ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረባቸው ስድስት ጠረጴዛዎች፣ ብረት የሚላግበት፣ በእግር የሚዞር አንድ ቶርኖ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የብየዳው ዕቃ አለ። ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነበርን። እኔን፣ ገብረወልድን፣ ያስገቡኝ አባቴ ናቸው፤ ከቡልጋ መጥተው በጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ። መርዳሳ ግን ከቡልቡላ አራት ቀን በእግሩ ተጉዞ፣ ማንም ሳይልከው ነው የመጣው። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል።

ሙሴ አጎፕ የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት ከሞረድ በቀር ሌላ መሣሪያ አላስነኩንም። የቡጢ ያህል ድፍን ብረት ይሰጡንና ስድስቱም ጎኑ እኩል እስኪሆን ድረስ እንሞርዳለን። ከዚያ በካሊብሮ ይለኩታል። የፀጉር ውፍረት ያህል ስሕተት ካገኙ ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው ሣጥን ውስጥ ይጥሉታል፤ እኛም እንደ አዲስ እንጀምራለን። እኔ ዘጠኝ ጊዜ ተጥሎብኛል። መርዳሳ በሦስተኛው አለፈ። ሞረድ ሲይዝ ትከሻው አይንቀሳቀስም፤ ክንዱ ብቻ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሙሴ አንድ ቀን የት ተማርክ ብለው ቢጠይቁት የትም ብሎ አቀረቀረ።

ስለ ወላጆቹ አያወራም። ምሳ ሰዓት እኛ አንድ ላይ ስንቀመጥ እሱ ቆሎውን ይዞ ወደ ሐዲዱ ይሄዳል። ኩራት መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ነው ነገሩን ራሱ የገለጸልኝ፤ አባቱ ኦቦ ሆራ ቀጥቃጭ ናቸው። የቡልቡላ ገበሬ ሁሉ ማረሻውን የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነው፤ ከቤታቸው ግን ውኃ የሚቀምስ የለም። ሰው ሲታመም፣ ላም ወተት ስትከለክል፣ የሆራ ዓይን ነው ይባላል። መርዳሳ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም።

«ሙሴ በሚሰጡኝ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ባለሙያ የሚል ነው» አለኝ። «ቀጥቃጭ አይልም።»

ላንተ ብቻ ነው የነገርኩህ አለ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑን ማየት ፈርቼ እንደነበር አልደብቅም። በእናቴ ቤት ስለ ቡዳ የሰማሁት ሁሉ በልቤ ነበር። በሦስተኛው ቀን አፈርኩ፤ ፍርሃቱም ተወኝ።

በ1923 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሐጂ መሐመድዘይን የሚባሉ የከተማው ነጋዴ አንድ አሮጌ የእንፋሎት ሞተር ገዝተው ወደ ትምህርት ቤቱ አመጡ። አዋሽ ዳር፣ መልካሳ ላይ፣ እህል የሚፈጭ ወፍጮ ሊተክሉበት ነው። ውኃው የሚፈላበት ትልቁ የብረት በርሜል፣ ቦይለር የሚሉት፣ ጎኑ ላይ ስንዝር ተኩል የሚሆን ስንጥቅ ነበረበት። ሙሴ ያን ሰሞን ወባ ይዟቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ብየዳውን ለመርዳሳ ሰጡት። ይህ የመጨረሻ ፈተናህ ነው አሉት።

ሰኞ ጠዋት ጀመረ። ስንጥቁ እንዳይረዝም በሁለቱም ጫፍ ቀዳዳ በሳበት፤ ከዚያ በመሮ ከፈተው። ብየዳው የሚሠራው በጋዝ ነው፤ ካርባይድ የሚባለው ግራጫ ድንጋይ ውኃ ሲነካው የሚተፋው ጋዝና ቦምቦላ ከሚባለው ረጅም የብረት ጠርሙስ የሚመጣው ኦክስጅን ተገናኝተው ይነድዳሉ። ነበልባሉ የስንጥቁን ሁለት ከንፈር ያቀልጣል፣ ሽቦው መሐሉ ላይ ይቀልጣል፣ ሦስቱ አንድ ብረት ይሆናሉ። አንድ ካልሆኑ ግን ሽቦው እንደ ሰም ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ አይዝም።

እስከ መጨረሻው አካባቢ መልካም ሄደ። አራት ጣት ያህል ሲቀረው ነበልባሉ ለሰስ አለ። ካርባይዱ እርጥበት ነክቶት ኖሮ ጋዙ አንሷል። መርዳሳ ቆም አለ፤ አየሁት። ውጭ የሐጂ በሬ ነጂዎች ቦይለሩን ለመጫን ከጠዋት ጀምረው ይጠብቃሉ፤ ሐጂ ራሳቸው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሙሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ ይንቀጠቀጣሉ። መርዳሳ ወደ ሙሴ አየ፣ ወደ በሩ አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጨረሰው። በሞረድ አለሰለሰው፤ ስንጥቅ የነበረበት እስከማይታወቅ ድረስ አማረ።

ሙሴ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው ጥሩ ነው አሉ። እንደ ደንቡ ቦይለሩ ውኃ ተሞልቶ በእጅ ፓምፕ መፈተን ነበረበት፤ የፓምፑ ቆዳ ግን ተቀዶ ነበር። መልካሳ ላይ እሳት ከመንደዱ በፊት እኔ ራሴ መጥቼ እፈትነዋለሁ አሉ። ማክሰኞ ቦይለሩ በአሥራ ሁለት በሬ እየተሳበ ሄደ። ረቡዕ ሙሴ ከአልጋቸው ተነሥተው የመርዳሳን ወረቀት ፈረሙ። ሐሙስ ትኩሳቱ ተመልሶ ራሳቸውን እንዳያውቁ አደረጋቸው። ፈተና እንደቀረ ለሐጂ የነገረ ሰው አልነበረም።

መርዳሳ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ሁለት ቀን አልሳቀም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት። ያንኑ እርጥበት የነካው ካርባይድ ተጠቅሞ፣ ነበልባሉን ለሰስ አድርጎ፣ ሁለት ቁራጭ ብረት በይዶ አለስልሶታል። ከላይ ሲታይ እንከን የለውም። ሞርሳው ላይ አስሮ መሐል ለመሐል በመጋዝ እየቆረጠው ነበር። ሲጨርስ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አሳየኝ። በሁለቱ ብረቶች መካከል እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ቁልቁል ይወርዳል። ብረቱና ሽቦው አልተገናኙም።

«ሐጂ ነገ ወፍጮውን ያስነሡታል» አለ።

ወደ ሙሴ ቤት ሮጥን። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው አሳዩን፤ ሙሴ በራሳቸው ቋንቋ ይቃዣሉ፤ ማንንም አያውቁም። ስንመለስ መርዳሳን ምን እንዳልኩት ዛሬም አልረሳውም። ዝም በል አልኩት። ቢበዛ ትንሽ ያፈስስ ይሆናል፤ ያኔ ይጠሩሃል፣ ሄደህ ትጠግነዋለህ። አሁን ሄደህ ብታወራ ግን ወረቀቱን ታጣለህ፣ ከዚያም ማን እንደሆንክ ይጠየቃል። መርዳሳ እስክጨርስ አዳመጠኝና «ውኃ ብቻ ቢሆን ያፈስሳል» አለኝ። «እንፋሎት ነው፤ ይቀድደዋል።»

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። እኔ የተከተልኩት መንገድ ላይ ሐሳቡን አስቀይረዋለሁ ብዬ ነው። መልካሳ ከአዳማ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ፀሐይ ከፍ ስትል ኮረብታው ላይ ወጣን፤ ከታች አዋሽ፣ ከአዋሽ ወዲህ አዲሱ የቆርቆሮ ቤት ታየን። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እሳቱ ተቀጣጥሏል። መርዳሳ ሩጫ ጀመረ።

ስንደርስ ሰባ፣ ሰማንያ ሰው ተሰብስቦ አገኘን። የዓመቱ ጤፍና ስንዴ ገና መሰብሰቡ ስለነበር ሴቶች እህላቸውን በስልቻ ጭነው፣ አህዮቻቸውን ይዘው፣ ቦይለሩ ጎን ባለው ጥላ ተሰልፈዋል። እሳቱን የሚያነድደው ኑሬ የሚባል የአርባ ዓመት ያህል ሰው ነው። የእንፋሎቱን ጉልበት የሚያሳየው ሰዓት መሳይ መለኪያ ሁለት ተኩል ላይ ነበር። ወፍጮው የሚነሣው ስድስት ሲደርስ ነው።

መርዳሳ ላቡ እያንጠፈጠፈ ሐጂ ፊት ቆመ።

«ሐጂ፣ እሳቱን ያስወጡት። የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ብየዳው አልያዘም።»

ሐጂ መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ። ረቡዕ ወረቀት ተቀብለህ ቅዳሜ አልያዘም ትላለህ ወይ አሉት። ወዲያው ያሰቡት የውኃ ወፍጮ ባለቤቶችን ነው፤ አዋሽ ላይ ሁለት የውኃ ወፍጮ ነበር። ማን እንደላከው ጠየቁት። መርዳሳ የተቆረጠውን ብረት ከኪሱ አውጥቶ ጥቁሩን መስመር አሳያቸው። ሐጂ አገላብጠው አይተው፣ ይህ የእኔ ቦይለር አይደለም ብለው መለሱለት። የወረዳው ገዥ፣ ግራዝማች ኃይለየሱስ፣ ለምረቃው ሰው ልከዋል፤ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እሳት አስወጣ ማለት ለሐጂ ሞት ነበር።

መርዳሳ ወደ ኑሬ ዞረ። «ኦቦ ኑሬ፣ ብየዳው ላይ ያዩት ነገር አለ?»

ኑሬ የጌታውን ፊት አየ። «ጠዋት ነጭ መስመር አይቻለሁ» አለ ዝግ ብሎ። «ውኃ ሾልኮ የደረቀበት ይመስላል፣ እንደ ጨው ያለ።» ከዚያ አካፋውን አንሥቶ ወደ እሳቱ ተመለሰ።

መለኪያው ሦስት ደርሷል። መርዳሳ ከዚያ በኋላ ስለ እሳቱ አልተከራከረም። ሰዎቹን ብቻ ያርቁልኝ አለ፤ ካልሆነ እኔ እዚሁ ብየዳው ሥር እቀመጣለሁ ብሎ አንድ ድንጋይ ስቦ ቁጭ አለ።  ሐጂ ግን እንደማይፈሩ ሊያሳዩ ወንበራቸውን አስመጥተው፣ ሁሉም እያያቸው፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ከቦይለሩ አንድ ክንድ ርቀው ተቀመጡ። እኔ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። 

መለኪያው ሦስት ተኩል ሆነ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ ወደ ኑሬ ተጠግታ በኦሮምኛ አነጋገረችው። ሚስቱ ቀመሪያ መሆኗን በኋላ ነው ያወቅሁት። ልጁ የሚለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ኑሬ ቀና ሳይል «ዱጋ ነው» አላት። ቀመሪያ ሌላ አልጠየቀችም። ስልቻዋን አንሥታ አህያዋ ላይ ጫነች፤ የቀሩትን ሴቶች ጠርታ ሁለት ቃል ተናገረችና ወደ ግራሮቹ መንገድ ጀመረች። አንዷ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሁሉም። ሐጂ ደንበኞቻቸው እህላቸውን ይዘው ሲሄዱ ከወንበራቸው ሆነው ተመለከቱ። የግራዝማች ሰው ሳይቀር ተነሥቶ ሄደ።

መለኪያው አራት ሲነካ ብየዳው ድምፅ አወጣ። እንደ ቀጭን ፉጨት ነው። መጀመሪያ ወፍ መሰለኝ። ሐጂ ብድግ አሉ። እንግዲህ አስወጣ ሊሉ ይሁን ሊሸሹ አላውቅም። ኑሬ ትእዛዝ አልጠበቀም። የእሳቱን በር ከፍቶ ፍሙን በረጅሙ መቆስቆሻ እየሳበ አሸዋው ላይ ያፈስሰው ጀመር። የእንፋሎቱ መልቀቂያ የሚገኘው ብየዳው ባለበት ጎን ነው። መርዳሳ ሐጂን በትከሻው ገፍቶ አራቃቸውና በግራ እጁ መልቀቂያውን ያዘ። የጋለ ነበር። ሁለት እጅ ቢያስፈልገውም በአንዱ አዞረው። እንፋሎቱ እያገሣ ወጣ፤ አህዮቹ ደነበሩ፤ ነጭ ደመና ሁላችንንም ሸፈነን።

መለኪያውን ያየው ኑሬ ብቻ ነው። ሁለት ላይ ወርዶ ነበር ብሏል፤ ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው አራት ጣት የተቀደደው። የፈላው ውኃ መርዳሳን ከክርኑ እስከ ጣቶቹ አገኘው። ደመናው ሲገፈፍ ተንበርክኮ ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር፤ አፉ ክፍት ነው፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ሌላ ሰው አልተጎዳም። ሴቶቹ ቆመውበት የነበረው ጥላ ያለበት መሬት ግን ሙሉ በሙሉ በፈላ ውኃ ርሷል።

ኑሬ አንሥቶ አዋሽ ውስጥ ክንዱን ነከረለት። ቀመሪያ ከሜዳው ሬት ቆርጣ መጥታ ቀባችው። ሐጂ ወንበራቸው አጠገብ ቆመው የተቀደደውን ብረት ያዩ ነበር።

ነገሩ እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን ከተሰበሰበው ሰው መሐል የቡልቡላ ነጋዴ ነበረበት፤ ይህ የቀጥቃጩ የሆራ ልጅ ነው አለ። ነገሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መልካሳን አዳረሰ። እስኪመጣ ድረስ ቦይለሩ ደኅና ነበር፤ አጠገቡ ተቀምጦ አፍጥጦ ሲያየው ፈነዳ፤ ዓይኑ ነው ተባለ። ሐጂ ይህን አላሉም። አይደለም ብለውም አልተናገሩም። የግራዝማች ሰው መርዳሳን አሳስሮ ወደ አዳማ ወሰደው። በግራዝማች ግቢ፣ ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አሥራ አንድ ቀን ታሰረ።

ችሎቱ በዋለበት ቀን ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሦስት ሰዎች ስለ ዓይኑ መሰከሩ። ግራዝማች ኃይለየሱስ ሽማግሌ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰምተው የምትለው አለህ ወይ አሉት። ከፊት ለፊቱ የተከፈተ መንገድ እንዳለ ታየኝ። ዓይኔ ምንም አላደረገም፣ ብረቱ አሮጌ ነበር ቢል ከሳሾቹ ማስረጃ የላቸውም። ይህን በዓይኔ ልነግረው ሞከርኩ። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም።

«ጌታዬ፣ ዓይኔ አይደለም» አለ። «እጄ ነው። ነበልባሉ ሲደክም አውቄያለሁ፤ ማቆም ነበረብኝ፤ ወረቀቱን ፈልጌ ጨረስኩት።»

ያችን የተቆረጠች ብረት አቀረበ። ግራዝማች አገላብጠው አዩና ከቦይለሩ የተቀደደው ጎን ተቆርጦ ይምጣ ብለው አዘዙ። በማግስቱ መጣ። በመጋዝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እፊታቸው፣ ሕዝቡ እያየኝ። ሁለት የመጋዝ ምላጭ ሰበርኩ። ሲከፈል ያው ጥቁር መስመር ነበር፤ ልክ አራት ጣት።  ያን ጊዜ እኔም ተነሥቼ ዝም በል ብዬ የመከርኩት እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። አባቴ እዚያ ነበሩ፤ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ሙሴ አጎፕ በዘንግ እየተደገፉ የገቡት በዚሁ መሐል ነው። ፊታቸው ቢጫ ሆኗል። የውኃውን ፈተና ሳላደርግ ወረቀት የፈረምኩ እኔ ነኝ፣ መምህሩ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል አሉ። ግራዝማች ቦይለሩን ሙሴ በነጻ እንዲጠግኑ ፈርደው መርዳሳን ለቀቁት። ስለ ዓይን ለመሰከሩት ሰዎች ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ስንወጣ በሩ ላይ ሰዎች ለመርዳሳ መንገድ ለቀቁለት፤ አክብረው አልነበረም፣ እንዳይነካቸው ነው።

አዳራሹ ስንደርስ ሙሴ እጃቸውን ዘረጉ። መርዳሳ ወረቀቱን ከደረቱ አውጥቶ ሰጣቸው። ሙሴ ምድጃው ውስጥ ከተቱት።

«ይህ ወረቀት ዋሽቷል» አሉ። «አንተም እኔም ነን ያስዋሸነው። እጅህ ሲድን ና።»

ወደ ቡልቡላ ሄደ። አይመለስም ብዬ ነበር። የካቲት አጋማሽ ላይ ግን አንድ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች ታጥፈው ቀርተዋል፤ አይዘረጉም። ብየዳ በአንድ እጅ ነበልባሉን፣ በሌላው ሽቦውን መያዝ ነው፤ ሽቦው በእጁ አልጸና አለ። እኔ ከቁርጥራጭ ቆዳ ጣቶቹን የሚደግፍ ማሰሪያ ሠራሁለት። የመጀመሪያው አልሆነም፤ ሁለተኛውም። ሦስተኛውን ይዞ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ይለማመድ ነበር። የበየደውን ሁሉ ሙሴ በመጋዝ ይቆርጡታል። እስከ ሚያዝያ ስንት እንደተቆረጠ አላውቅም፤ ማጠራቀሚያው ሣጥን ሁለት ጊዜ ተሞልቷል። ምሳ ሰዓት ላይ እኔም ከእሱ ጋር ወደ ሐዲዱ መሄድ ጀምሬ ነበር። አንዳንዶቹ ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ሸሹኝ።

ግንቦት ላይ መልካሳ ወርዶ ቦይለሩን እንደገና በየደው። ሁለት ቀን ፈጀበት። ሙሴ አዲስ ቆዳ ያገባለትን ፓምፕ ይዘው መጡ፤ ውኃ ተሞልቶ ኑሬና እኔ እየተፈራረቅን ገፋነው። መለኪያው ስድስት አለፈ፣ ሰባት አለፈ፣ ዘጠኝ ላይ አቆምን። ሙሴ ሰዓታቸውን አውጥተው አንድ ሰዓት ሙሉ መርፌውን ጠበቁ። መርዳሳ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ አዋሽ ዳር ተፍቶ ተመለሰ። መርፌው አልወረደም። ብየዳው ላይ ሐጂ ራሳቸው መዳፋቸውን አሳርፈው ደረቅ መሆኑን አዩ። ከዚያ ስለ ጣቶቹ ጠየቁት።

ወፍጮው በማግስቱ ተነሣ። መጀመሪያ እህሏን ያስፈጨችው ቀመሪያ ናት።

ሙሴ አዲሱን ወረቀት የፈረሙት በሰኔ ነው። መርዳሳ በትምህርት ቤቱ ረዳት መምህር ሆኖ ሁለት ዓመት ቆየ። በ1925 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እኔ ወደ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ እሱ መልካሳ ላይ፣ ከወፍጮው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የራሱን የብረት ሥራ ዳስ ሠርቶ ቀረ። ስለ ዓይኑ የሚያወሩ ሰዎች ከዚያም በኋላ አልጠፉም። ሐጂ መሐመድዘይን በዚያው ዓመት ለሞጆ የሚሆን ሁለተኛ ሞተር አግኝተው ነበር። ከመግዛታቸው በፊት በቅሎ ልከው መርዳሳን አስመጡት። ሦስት ቀን ሲመረምረው ቆይቶ አይሆንም አላቸው። አልገዙትም።